ኮርቻው ለባለቤቱ እስኪደርስ

ከወደብ የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች ጭነታቸውን በሚያራግፉባት አንዲት የድሮ ከተማ፣ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የከተማው ጀመዓ ችግረኛ ባለሙያ ያለ ወለድ እንዲበደርበት ለበጎ ሥራ ያዋጣውን የወቅፍ ገንዘብ በአማና፣ ማለትም በአደራ፣ የያዙት እሳቸው ናቸው። ገንዘቡ የራሳቸው አልነበረምና፣ ጠያቂው ከዚያ ቀደም ቃዲ ፊት ተከሶ እንደሆነ ሳያጣሩ አይሰጡም። አጣሪነታቸው ግን እንደ ሌላው አበዳሪ አልነበረም። ጠያቂውን ይዘው ቃዲው ዘንድ ይሄዳሉ፤ የሚባለውን እሱም አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል።

አንድ ቀን ዘይኑ የሚባል ኮርቻ ሠሪ ሊበደር መጣ። የሐጅ ተጓዦች ከመነሳታቸው በፊት ቆዳ ገዝቶ ኮርቻ ካልሠራላቸው ሱቁን ሊለቅ ነው።

“ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቃዲው ዘንድ እንሂድ” አሉት።

ዘይኑ አንገቱን ደፋ። “ሐጂ፣ ከቃዲው ደጅ በቀር የፈለጉበት ይውሰዱኝ።”

“ሳልጠይቅ አላበድርም፣ ልጄ። ያለ አንተም አልጠይቅም።”

ዘይኑ ሳይሰናበት ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ይህን ከጎን ሱቅ ሆኖ የሰማው ጎረቤታቸው ቅመም ነጋዴው በሽር እየሳቀ ገባ። “እርስዎ ያፈሩበትን እኔ የቃዲውን በረኛ ጠየቅኩልዎ። ያ ዘይኑ ለካ...”

“በቃ፣ በሽር።”

“ኧረ ይስሙኝ! ገንዘቡን ላድንልዎ ብዬ እኮ ነው።”

“የሰውየውን ገመና ገበያ አውጥተህ? እንኳን አንተ፣ ቃዲው ራሳቸው እሱ በሌለበት ቢነግሩኝ አልሰማም።”

“እንግዲህ ሲበሉዎት እኔ ዘንድ መጥተው እንዳያለቅሱ!”

ሐጂ ሱቃቸውን ያለ ሰዓቱ ዘግተው ዘይኑን ፍለጋ ሄዱ። “ያንተ ነገር ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር” አሉት። “አልሰማሁትም። ካንተ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት።”

ኮርቻ ሠሪው ወስፌውን አስቀመጠ።

“በድርቁ ዓመት አንድ በቅሎ ነጂ ኮርቻውን ጠግንልኝ ብሎ ሰጠኝ። ሸጬ ልጆቼን አበላሁበት። ቃዲው ሌላ ሠርተህ ተካለት ብለው ፈረዱ። ያኔ ቆዳ መግዣ አልነበረኝም። ሲኖረኝም ለገዢ ሠራሁ። እሱ መጠየቁን ተወ፣ እኔም ዝም አልኩ።”

“ሰውየው አለ?”

“አለ። እስከ ዛሬ ጆንያ አጣጥፎ ነው በቅሎው ላይ የሚቀመጠው። ሳየው መንገድ እቀይራለሁ።”

በማግስቱ አብረው ሄዱ። ቃዲው የተናገሩት ዘይኑ ከተናገረው በአንዲት ቃል አልበለጠም። ሐጂ አበደሩት፤ ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ብቻ ነበር፦ የመጀመሪያው ኮርቻ የበቅሎ ነጂው ነው።

ዘይኑ ኮርቻውን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ሰውየው ወደሚውልበት ወደ ታችኛው በር ወረደ። በቅሎ ነጂው ጠፍሩን ሳብ ሳብ አድርጎ መረመረ። “ሥራህስ ግሩም ነው” አለ፤ “ወገቤን ግን ጨርሰኸዋል፣ አንተ ሰው!” ከዚያም ሳቀ፤ አውፍታ ብሎም ይቅር አለው።

በሽር ይህን ሰምቶ፣ “ያኔ ከእኔ ቢሰሙ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ይቀርልዎ ነበር” ቢላቸው፣ ሐጂ እንዲህ አሉት፦

“ካንተ ብሰማ ኖሮ ገንዘቡን አድን ነበር። ኮርቻው ግን ለባለቤቱ አይደርስም ነበር።”

ሐጂ ማጣራቱን እንዳልተዉት ልብ እንበል፤ አማና የያዘ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አይሰጥም። ነገር ግን የሰውን ያለፈ ታሪክ ስንመረምር አብዛኞቻችን የምንፈልገው እምቢ የምንልበትን ምክንያት ነው፤ ያንን ስናገኝም ፍለጋችንን እናቆማለን። እሳቸው የፈለጉት ሳይመለስ የቀረ የሰው ሀቅ እንዳለ ለማወቅ ነበር፤ ባለሀቁም ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም የወንድማችንን ገመና እንደ ገንዘቡ በአማና ከሚይዙት ያድርገን።