ወጥመድ ላይ የቀረ ላባ

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው። ስመኝ፣ «ወንድሜ ሞኝ አይደለም፤ ታዲያ እየተበላ ለምን ወደ ኳስ ውርርዱ ይመለሳል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ ቁማርተኞችን ሳጠና አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ የጻፍኩትን ሁሉ አንብቢ ብልሽ እንቅልፍ ይወስድሻል። ስለዚህ የዚህን ገበሬ ነገር ስሚኝ።

አንድ በሬ ነበረው። ጎረቤቱም ያለው አንድ በሬ ስለሆነ ሁለቱን አጣምረው በተራ ያርሱ ነበር። ሰኔ መግቢያ ላይ ገበሬው ከማሳው ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ከፈረስ ጭራ የገመደውን ወጥመድ አኖረና ጥቂት ገብስ በተነበት። በማግስቱ ሁለት የሰቡ ቆቆች ተይዘው አገኘ። ቤቱ ሥጋ ሥጋ ሸተተ፤ ልጆቹ አጥንቱን ሳይቀር ቆረጣጠሙት። ደስታው እውነተኛ ነበር፣ ይህን አልክድም።

በሦስተኛው ቀን ወጥመዱ ላይ የቀረው አንድ ላባ ብቻ ነው። ወጥመዱ ባዶ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ጠቅልሎት ወደ ሞፈሩ ይመለስ ነበር። ላባውን ግን አነሣና «ለጥቂት አመለጠችኝ» አለ። ቋጠሮውን አጠበቀ፣ ገብስ ጨመረ፣ ተቀምጦ ጠበቀ። በማግስቱም ላባ፣ በሳልስቱም ላባ። የሚበትነው ገብስ ለዘር ካስቀመጠው ከረጢት ነበር።

ሚስቱ ደግ ሴት ናት። ላባ ይዞ በገባ ቁጥር ታዝንለትና «አይዞህ፣ ደርሰህባታል፤ ነገ አታመልጥህም» ትለዋለች። ላባዎቹንም ግድግዳው ላይ ትሰካለታለች። ጎረቤቱ ግን በሬዎቹን ጠምዶ ሁለት ጊዜ በገበሬው ተራ ቀን ቢጠብቀው ሳይመጣ ቀረ። በሦስተኛው፣ «ማሳህ እዚህ፣ አንተ ዱር፤ ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ ሆነብህ እኮ» ብሎ በሬውን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አጣመረ። የገብስ መዝሪያው ጊዜ ሊያልፍ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ማሳው ጦም ካደረ ያ ቤት በበጋ የሚበላው የለውም።

አንድ ቀን ሚስቱ የዘሩን ከረጢት ብታነሣው ቀለላት። ባሏ እንደ ልማዱ ላባ ይዞ ገባ። ተቀበለችውና ዓይኑ እያየ እሳት ውስጥ ጨመረችው። ግድግዳው ላይ ያሉትንም ነቅላ ጨመረች።

«ምን ማድረግሽ ነው? ለጥቂት እኮ ነው ያመለጠችኝ» አላት።

«ዛሬ ምንም አልያዝክም» አለችው። «ትናንትም ምንም አልያዝክም።»

አልተቆጣችም፣ አልሰደበችውም። ከዱር በተመለሰ ቁጥር ይህንኑ ብቻ ትለው ጀመር። በአራተኛው ቀን ሰውየው ወጥመዱን ፈትቶ ጎረቤቱን ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ፤ ጎረቤቱም በሬውን መልሶ አጣመረለት። የተረፈው ዘር የማሳውን ግማሽ አዳረሰ፤ ግማሹ ጦም አደረ።

አየሽ ስመኝ፣ እኔ ጋ የሚመጡትን ሁሉ «ስንት ጊዜ ተበላህ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። እነሱ የሚነግሩኝ ስንት ጊዜ ለጥቂት እንዳመለጣቸው ነው። የተበሉትን እንደ መበላት አይቆጥሩትም፤ ወደ ማሸነፉ የቀረቡ ይመስላቸዋል። ወንድምሽንም የያዘው አንድ ሰሞን ያገኘው ገንዘብ አይደለም፣ ላባው ነው። ስምንት ጨዋታ ገምቶ ሰባቱ ሲሰምሩለት፣ ስምንተኛው በመጨረሻዋ ደቂቃ በገባች ጎል ሲበላሽበት፣ ላባ ይዞ ቤት ገባ ማለት ነው። ያኔ ምን እንደምትይው ራስሽ ነግረሽኛል። «አይዞህ፣ በአንድ ጎል እኮ ነው የቀረህ» እያልሽ ታጽናኚዋለሽ። ከደግነትሽ ነው፤ እኔም አልወቅስሽም፣ ግን ያሳዝነኛል። ላባውን ግድግዳ ላይ የምትሰኪለት አንቺ ነሽ። ዛሬ ሲመጣ «ተበልተሃል» በይውና እራቱን አቅርቢለት።