በገዛ ዶማው የዘጋው ቦይ

የክልሉ የጤና ኮሌጅ ዲን የሺመቤት፣ የቀድሞ አስተማሪዋን የኔታ ቀለመወርቅን ልትጠይቅ መጣች።

«የኔታ፣ ከፌዴራል መንግሥት የማነቃቂያ ገንዘብ ደርሶን ነበር። ታዲያ እሱ ከመጣ ወዲህ ለምን ባሰብን? ዘንድሮ የነርስ ትምህርት ክፍሉን ልዘጋ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም እንዲህ አሏት።

አንድ ገበሬ ነበረ። ማሳው የመንደሩ ቦይ ጭራ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ አጠጥቶ የተረፈው ነው የሚደርሰው። ቢሆንም ከአያቱ የወረሳት አንዲት የምንጭ ውኃ ተራ ነበረችው፣ ሐሙስ ሐሙስ። በዚያች መቶ የብርቱካን ችግኝ አጸደቀ። «እነዚህ ሲያፈሩ ልጆቼን አስተምራለሁ» ይል ነበር።

ድርቅ ገባ፤ ምንጩ ቀጠነ። ከላይ ግድብ ያለው አንድ ባለጸጋ ይህን ሰማና «ለተጠሙት ይድረስ» ብሎ ለሁለት ወር ውኃ ለቀቀ። ማደሉን ግን ተራ ለሚያወጣው ለመንደሩ የውኃ አባት ተወው። የውኃ አባቱም በቦይ አፍ ስፋት አደለ። ላለው ይጨመርለታል እንዲሉ፣ ሰፊ ቦይ ያለው ጠገበ። የተጠማው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ገበሬው የደረሰችውን ይዞ እያመሰገነ ሳለ የውኃ አባቱ መጣ። «ይኸው ከባለጸጋው አገኘህ። ሁለት ውኃ ችግኝ ያበሰብሳል፤ የሐሙሱን ቦይ ዝጋና ምንጩን ለወፍጮ ላውለው» አለው። ወፍጮው የውኃ አባቱ የራሱ ነበር። ገበሬው ልቡ ከበደው፤ ግን ውኃ ያደለውን ሰው እምቢ ማለት ነውር መሰለው። ዶማውን አነሣና አያቱ የቆፈሩትን ቦይ በገዛ እጁ ደፈነ።

ሁለቱ ወር አለቀ። ባለጸጋው ግድቡን ዘጋ፤ ቀድሞም ቀን ቆርጦ ነበር የሰጠው። ድርቁ ግን አላለቀም። ገበሬው ሐሙስ ጠብቆ ዶማውን ይዞ ሄደ።

«ተራዬን ልክፈት» አለ።

«የቱን ተራ?» አለ የውኃ አባቱ። «ሁለት ወር ያለሱ ኖርህ አይደል? ቦዩንስ ማን ዘጋው?»

ገበሬው ወደ ማሳው ተመልሶ ችግኞቹ ቆመው ሲደርቁ አየ። ለማገዶ እንኳ አልበቁም፤ ገና ጭራሮ ነበሩ።

የኔታ ወደ የሺመቤት ዞሩ። «ልጄ፣ ባለጸጋው ፌዴራሉ ነው፤ የውኃ አባቱ ክልልሽ። ትልልቆቹ ተቋማት በስፋታቸው ልክ ወሰዱ። አንቺን ግን ክልሉ ‹እንግዲህ ገንዘብ አላችሁ› ብሎ የዓመት በጀትሽን ቀነሰና ለሌላ ጉዳይ አዋለው። አሁን የፌዴራሉ አለቀ፤ የክልሉም አልተመለሰም። ችግኞቹን አንቺ በስም ታውቂያቸዋለሽ።»

የሺመቤት አንገቷን ደፋች። «የኔታ፣ ቅነሳውን ተስማምቼ የፈረምሁት እኮ እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ» አሏት። «ዶማውን በገበሬው እጅ ያስያዝሁት ለዚያ ነው።»