አሠልጣኟ የለጠፈችው ወረቀት

አንዲት ሴት ነበረች። ሴትዮዋ መኪና ትነዳለች። መንዳት ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ሌላውንም ታስነዳለች። ዲላ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው መንዳት ስታስተምር ኖራለች። እዚያ ከተማ መሪ የጨበጠ ሁሉ፣ ባጃጅ ይሁን አይሱዙ፣ ወይ እሷ ዘንድ ተምሯል፣ ወይ እሷ ዘንድ የተማረ ሰው አስተምሮታል። ወይዘሮ ትርንጎ ትባላለች።

ትርንጎ ኃይለኛ ናት። ወገኖቼ፣ ኃይለኛ ስላችሁ የምሬን ነው። ተማሪ ተሳስቶ "ይቅርታ" ካለ ምንም አትለውም። ተሳስቶ "አውቃለሁ" ካለ ግን አለቀለት። "ሞተር አጥፋ፣ ውረድ" ትለዋለች። ከዚያ በእግሩ ወደ ኋላ ትወስደውና መኪናው ላይ የተለጠፈውን "ለማጅ" የሚለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ታደርገዋለች። "አሁን ማን እንደሆንክ ገባህ? በል ግባና ንዳ።" ጎረምሳ ቢሆን፣ የቢሮ ኃላፊ ቢሆን፣ ለማንም አትመለስም።

ይህች ሴት አንድ ልጅ አለቻት፤ ብሩክታዊት። አባትየው ልጅቷ ገና ስትድህ ነው የሞተው። ልጅቷ ጎበዝ ወጣችና ናይሮቢ ሄዳ የእንስሳት ሕክምና ተማረች። የምርቃቱ ቀን ሲቃረብ እናት በስልክ ምን አለቻት? "ስምሽ ሲጠራ እልል የምልልሽ እኔ ነኝ። እዚያ ሁሉ ሰው መሀል እልል የሚልልሽ አጥተሽ አትቆሚም።" ቃል ገባች። ቃሏ ደግሞ ቃል ነው።

ልጅቷ፣ "እማዬ፣ ጠዋት ከተመራቂዎች ጋር ስለምሰለፍ ልቀበልሽ አልችልም፤ ታክሲ ያዢ" አለቻት።

ታክሲ? ትርንጎ በታክሲ? "እኔ ሰው ሳስነዳ ኖሬ ልጄ ምርቃት ላይ ሰው እየነዳኝ አልመጣም። መኪና እከራያለሁ" አለች። ከአገር ወጥታ አታውቅም፤ መኪና ተከራይታም አታውቅም። ግን ኩራቷን እንግዲህ ምን ታደርጉታላችሁ?

ናይሮቢ ገባች፤ አደረች። ምርቃቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሲሆን መኪና አከራዩ ደጃፍ ላይ ቆማለች። አንድ ትሑት ወጣት ተቀብሎ፣ ወረቀት አስፈርሞ፣ ቁልፍ ሰጣት። ትርንጎ በልበ ሙሉነት ሄደች፣ በሩን ከፈተች፣ ተቀመጠች፣ እጇን ዘረጋች። መሪ የለም። ኬንያ ውስጥ መሪው በቀኝ፣ መንገዱ በግራ ነዋ።

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ፣ "ማማ፣ መሪው በዚያ በኩል ነው" አላት።

"አውቃለሁ። ቦርሳዬን ላስቀምጥ ብዬ ነው።"

ሰማችሁ? "አውቃለሁ" አለች። ያችኑ ቃል።

ዞራ ገባች። ወጣቱ፣ "ማማ፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር ብትነጂ ጥሩ ነው" አላት። "እኔ አሠልጣኝ ነኝ" አለችውና ሞተር አስነሳች። ፍሬቻ ላብራ ብላ ብትነካ፣ በጠራራ ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያው መስታወቱን ይፍቅ ጀመር። እሱን ሳታጠፋ ከግቢው ወጣች። ወጥታ የት ገባች መሰላችሁ? እንደለመደችው ወደ ቀኝ መስመር። አንድ ሚኒባስ ፊት ለፊት መጣ። የበሩ ዘበኛ ፉጨቱን ነፋ፣ ትርንጎ ፍሬን ላይ ወጣችበት፣ ሚኒባሱ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰዓቷን አየች። ዩኒቨርሲቲው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ጊዜ የላትም። በዚህች ሰዓት እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔስ? እኔ እንኳ መንገዱን ነበር የምራገመው።

ትርንጎ መኪናውን ወደ ግቢው መለሰችው። ሞተር አጠፋች። "ትርንጎ፣ ውረጂ" አለች ለራሷ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ። ወረደች። ወጣቱን ወረቀትና ማርከር ለመነችውና በትልልቁ ጻፈች፤ ለማጅ። ኋላ መስታወት ላይ ለጠፈችው።

"ምን ይላል?" አላት ወጣቱ።

"የዛሬ ስሜ ነው" አለችው። "በል ግባ፤ አስተምረኝ።"

ከልጇ የሚያንስ ልጅ አጠገቧ ተቀምጦ "ወደ ግራ፣ ማማ፣ ወደ ግራ" እያለ፣ የዲላዋ ትርንጎ "እሺ፣ ይቅርታ" እያለች፣ አራት ጊዜ ግቢውን ዞረች። ከዚያች ጠዋት ላይ ግማሽ ሰዓት ሄደ። እኔ ግን በሕይወቷ እንደዚያች ግማሽ ሰዓት የኮራሁባት ጊዜ የለም።

አሁን በግራ መስመር ቀስ ብላ ወጣች። አንድ ትልቅ አደባባይ አፍ ላይ ስትደርስ ግን ደረቀች። መኪናው ሁሉ በተገላቢጦሽ ይዞራል። መቼ ትግባ? ከኋላዋ ክላክሱ ቀለጠ። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል። "ልጄ፣ ብቻሽን ቆመሽ ልትቀሪ ነው" አለችና እንባዋ መጣ።

ከኋላዋ ከቆመ፣ ቲማቲም ከጫነ ፒካፕ አንድ ሰው ወርዶ መስታወቷን አንኳኳ። ሊሰድበኝ ነው ብላ ከፈተች።

"እናቴ፣ በዚህ አገር 'ለማጅ' ብለው የለጠፉት ማን ያነበዋል ብለው ነው?" አላት፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

"አንተ አነበብከው አይደል?" አለችው።

ሰውዬው ሳቀ። ጋልገሎ ይባላል፤ የያቤሎ ሰው ነው፣ ናይሮቢ አትክልት ያመላልሳል። "እኔም ስመጣ እዚችው አደባባይ ላይ ነው የቆምኩት። የት ነው የሚሄዱት?" ነገረችው። የእሱ መንገድ በዚያ አልነበረም። ግን ፒካፑን ከፊቷ አደረገ፣ አራቱንም ፍሬቻ አበራ፣ "ከኋላዬ አይለዩ" አለና እስከ ዩኒቨርሲቲው በር አደረሳት። ልታመሰግነው እንኳ አልተመቻትም፤ ቲማቲሙ ይበላሽብኛል ብሎ ዞረ።

ብሩክታዊት ስሟ ሲጠራ ከአዳራሹ ጥግ አንድ እልልታ ተነሣ። ስም ጠሪዎቹ መጥራት አቁመው ነው የጠበቁት።

ከምርቃቱ በኋላ ልጅቷ መኪናውን አየች። ወረቀቱን አየች። "እማዬ፣ አንቺ? ለማጅ?" አለች።

"ታዲያስ። ለመድኩ እንጂ ምን ሆንኩ?"

ልጅቷ ከነካባዋ ከወረቀቱ አጠገብ ቆማ ፎቶ ካልተነሣሁ አለች። ዛሬ እቤታቸው ሳሎን ብትገቡ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ያ ፎቶ ነው። እናትየው በኩራት ነው የምታሳየው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እኔም ተማሪዋ ነበርኩ፤ ሁለት ጊዜ ነው ያስወረደችኝ። እንዲህ "እሷ" እያልኩ ሳወራባት እዚህ ብትኖር፣ ከዚህ መድረክም ታስወርደኝ ነበር።

ወገኖቼ፣ መንገድ መስመሩን ይቀይርባችኋል። ትናንት አዝላችሁት የነበረው ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ በሩን ዘግቶባችኋል። እዚያ አገር ነድታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ሚስትህ ታማ ተኝታለች፣ ሠላሳ ዓመት ያልገባህበት ማድቤት ቆመሃል፤ ጨው የት እንዳለ አታውቅም። ለምን አትጠይቃትም? "አውቃለሁ" ብለህ ምሳውን ታሳርራለህ። እኛ ሽማግሌዎችና ሰባኪዎችስ? እኔ እዚህ መድረክ ላይ ስቆም አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በጸሎት ጌታ ፊት "አላውቅም፣ አስተምረኝ" ካልኩ ስንት ጊዜዬ ነው? ያሳፍራል፤ ግን ልንገራችሁ፣ ረጅም ጊዜዬ ነው።

ይህች ሴት አለማወቋን አልደበቀችም። ጻፈችና ለጠፈችው።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ለአንድ ሰው፣ ለልጃችሁ ይሁን ለሚስታችሁ፣ "ይህን አላውቀውም፣ አሳየኝ" በሉ። ክላክስ የሚያደርግባችሁ ይኖራል። ግን እግዚአብሔር አንድ ጋልገሎ ከኋላችሁ አቁሟል። እንዲያነብላችሁ ጻፉለት።