የመምህርት ዘሃራ የእንጨት ጨረቃ

በአንድ ወቅት፣ ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ዘሃራ የምትባል አስተማሪ ነበረች። ማውራቱ የእኔ፣ መፍረዱ የእናንተ ነውና ጆሯችሁን አውሱኝ።

ዘሃራ ዕድሜዋን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምራለች። ጨረቃ በመሬት፣ መሬትም በፀሐይ ዙሪያ እንዴት እንደሚዞሩ ስታስረዳ፣ አንዱን ተማሪ ፀሐይ፣ አንዱን መሬት፣ አንዷን ጨረቃ አድርጋ ሜዳ ላይ ታሽከረክራቸው ነበር። ጨረቃ የሆነችው ልጅ ራሷ ዞሮ ትወድቃለች፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ትምህርቱ ግን አይረሳም። ረመዳን ሊገባ ሲል ደግሞ ከባሏ ከሐሰን ጋር ከከተማው በላይ ወዳለው ጉብታ ትወጣለች። እንደ ክር የቀጠነችውን አዲስ ጨረቃ ለማየት እሷን የሚቀድም ሰው አልነበረም።

ጡረታ ስትወጣ የሥራ ባልደረቦቿ አንድ ሳጥን ሸለሟት። ውስጡ ከስስ ጣውላ ላይ እየነቀሉ የሚገጣጥሟቸው እንጨቶች ነበሩ፤ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች፣ ዘንጎች፣ ድቡልቡሎች። ተገጣጥሞ ሲያልቅ፣ እጀታውን ያዞሩት እንደሆነ መሬት በፀሐይ ዙሪያ፣ ጨረቃም በመሬት ዙሪያ ትዞራለች። ዘሃራ «ራሴ እገጣጥመዋለሁ» ብላ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። ዛሬ ነገ ስትል ሐሰን ታመመና ሞተ። ሐዘኑ ሳይወጣላት ደግሞ የዓይን ግፊት ብርሃኗን ከዳር ከዳር እየበላ ጨረሰው። ሐኪሙ «የሄደው አይመለስም» አላት።

ብቻዋን መኖር እንደማትችል የታወቀው የፈላ ውኃ እግሯ ላይ የተደፋ ቀን ነው። ሦስቱ ልጆቿ እየሮጡ መጡ። የመጀመሪያው ይመር ነው፤ ኮምቦልቻ ጋራዥ አለው። ሁለተኛዋ ሰሚራ ናት፤ ደሴ ዶሮ ታረባለች። የመጨረሻው ኑርዬ እዚያው ሐይቅ በርና መስኮት የሚሠራ አናጺ ነው።

«እኔ ጋ ትኑር» አለ ይመር፤ «የበኩር ልጅ ነኝ።»

«ሴት ልጅ እያላት?» አለች ሰሚራ።

«ከጎረቤቶቿ አትለዩአትም፤ የእኔ ቤት እዚሁ ነው» አለ ኑርዬ።

ዘሃራ «አንተ ውሰዳት፣ አንቺ ውሰጃት» እየተባለች ስትገፋ የኖረች እናት አይታ ታውቃለች። የእሷ ልጆች ደግሞ «ለእኔ ስጡኝ» ብለው እስከ መኮራረፍ ደረሱ። ደስ አላት፤ ግን አንዱን መርጣ ሁለቱን ማስከፋት እንደ ድንጋይ ከበዳት። ለጊዜው ጠቡ ይብረድ ብላ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«አልጋዬ ሥር ሳጥን አለ። ለዓይኔ የጠፋችውን ጨረቃ ለእጄ ያመጣልኝ ልጅ፣ ቀሪ ዘመኔን እሱ ቤት እኖራለሁ። ወላሂ፣ ቃሌ ነው!»

ይመር ሳጥኑን ከፈተ። አገጣጠሙን የሚያሳየውን ወረቀት አይጥ ቀረጣጥፎታል። ይመር ስለ ሰማይ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስለ ጥርስና ስለ ዘንግ ግን ማንም አይነግረውም። ጋራዡን ዘግቶ፣ ደንበኞቹ ስልኩን ሲያጨናንቁት ዝም ብሎ፣ እንጨቶቹን እናቱ ቤት ሰሌን ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ሲጨንቀው እናቱን ይጠይቃል።

«እማ፣ መሬት ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው?»

«ዘንበል ትላለች እንጂ! አስተምሬህ የለም?»

«ጨረቃስ ከመሬት በምን ያህል ታንሳለች?»

«መሬት ብርቱካን ብትሆን ጨረቃ ትንሽ ሎሚ ናት።»

ዘሃራ ስትመልስ ድምፅዋ የክፍል ድምፅዋ ሆነ። ከሐሰን ሞት ወዲህ እንዲያ ተናግራ አታውቅም። ይመር ይህን ሰምቶ የሚያውቀውን ሁሉ ሳይቀር ይጠይቃት ጀመር። ሳምንት አለፈ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘና እጀታውን አዞረው። መሬት ተንቀሳቀሰች። ጨረቃ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ እሷን የምታዞራትን ትንሿን መዘውር አይጥ ጥርስ አልባ አድርጓታል። ይመር በብረት ቢሠራላት ብረቱ ከበደና እንጨቱን ሊሰነጥቀው ሆነ። መፍቻውን ጣለና ራሱን ያዘ።

ኑርዬ የተጎዳችውን መዘውር መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣት። ከዋንዛ ቀረጸ፤ ጥርሱ ረገፈ። ከባሕር ዛፍ ቀረጸ፤ አድሮ ተጣመመ። ጠንካራ፣ ያረጀ፣ ውስጡ ድረስ የደረቀ እንጨት ነበር የሚያስፈልገው። ዞር ሲል ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው የአባቱ የወይራ ዱላ ታየው። ሐሰን ሊሞት ሲል «አንተ ያዝልኝ» ብሎ በእጁ የሰጠው ነው። ኑርዬ ብዙ ቆሞ አየው። ከዚያ አውርዶ ወፍራሙን ጫፍ በመጋዝ ቆረጠው።

«አብደሃል?» ብሎ ጮኸ ይመር። «የአባታችንን ዱላ!»

«ለእኔ ነው የሰጠኝ። ማገዶ አላደረግሁትም።»

ዘሃራ ከውስጥ ሆና መጋዙን ሰማች፤ የተቆረጠ የወይራ ሽታም መጣባት። ምን እንደተቆረጠ ገባት። ኑርዬ አንድ ጥርስ ቀርጾ እፍ እያለ፣ አንድ ጥርስ ሞርዶ እየለካ፣ ጣቱ በቢላ እስኪቆራረጥ ሠራት። ገጠሟት። ይመር እጀታውን ቢያዞር ጨረቃ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ መዞር ጀመረች።

እናታቸውን አምጥተው አስቀመጧት። ዘሃራ እጇን ሰደደች። ትልቁን ድቡልቡል ዳሰሰች፤ «ፀሐይ» አለች። ቀጥሎ «ይቺ መሬት»፤ ቀጥሎም «ይቺ ጨረቃ» አለች። ይመር አዞረ፤ እንጨቱ በጣቶቿ መሃል አለፈ፣ ደግሞም አለፈ። ወንድማማቾቹ ፊቷን ያያሉ። ዘሃራ «አገኘኋት» ልትል አፏን ከፈተች፤ ውሸቱ ግን አልወጣ አላት።

«እጃችሁ ይባረክ፣ ልጆቼ። ግሩም ሥራ ነው። ግን በእጄ የሚያልፈው እንጨት ነው። ጨረቃ እኮ የብርሃን ነገር ናት።»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

ሰሚራ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ጫጩቶቿ የሚፈለፈሉበት ሳምንት ስለነበር እስከዚያ አልመጣችም። ይመር «ሁሉ ካለቀ በኋላ መጣሽ?» አላት። እናቷ ያለችውን አስደግማ ሰማች፤ ሞዴሉን ዞራ አየችው፤ ከዚያ ወጥታ፣ ደሴ ደርሳ አንድ አምፖል ከነገመዱ ይዛ ተመለሰች። ጫጩት የምታሞቅበት፣ የድሮው ዓይነት፣ ቶሎ የሚግል አምፖል ነው። የእንጨቱን ፀሐይ ከመሃል ነቀለችና አምፖሉን በቦታው አቆመችው።

«እሳት ታስነሺበታለሽ!» አለ ኑርዬ።

«ጫጩቶቼ የሚያድጉት በእንጨት ሳጥን ነው። ልኩን አውቃለሁ» አለችና የእናቷን ጣት ይዛ፣ በእንጨቷ መሬት ላይ፣ በፀሐይ በኩል አስቀመጠችው። «እማ፣ አንቺ ያለሽው እዚህ ነው። ይመር፣ አዙር፤ ቀስ ብለህ።»

አምፖሉ በራ።

«ሞቀኝ» አለች ዘሃራ። «ሞቀኝ… ሞቀኝ… ኧረ ቀዘቀዘ! ማነው የከለለኝ?»

«ጨረቃ ናት» አለች ሰሚራ።

ይመር ማዞሩን አላቆመም። በጣቷ ጠርዝ በኩል ቀጭን ሙቀት ገባ፤ ቀጥሎ ሰፋ አለ። ዘሃራ አዲስ ጨረቃ የምትወለደው ከፀሐይ ፊት አልፋ ዘወር ስትል እንደሆነ ስንቱን ልጅ አስተምራለች!

«ወጣች!» ብላ ጮኸች። «አሁን፣ አሁን ወጣች! አልሐምዱሊላህ!»

ጎረቤቷ እትዬ የሺመቤት «ምን ሆነች?» ብላ ነጠላዋን ሳታደርግ እየሮጠች ገባች። ዘሃራ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። የየሺመቤትን ጣት ይዛ መሬት ላይ አስቀመጠችና «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ አሳይሻለሁ» አለቻት። የዚያን ቀን ስንት አዲስ ጨረቃ እንደወጣች የቆጠረ የለም።

ደስታው ሲሰክን ቃሉ ትዝ አላቸው።

«አይጥ የበላውን ሳጥን ሰማይ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለ ይመር። «ካልገጣጠምሁት መዘውርም አምፖልም የት ይገባ ነበር?»

«ጨረቃዋ ቆማ ነበር» አለ ኑርዬ። «ያንቀሳቀስኋት ከአባቴ እጅ የተቀበልሁትን ቆርጬ ነው። ከእናንተ መሃል መልሶ የማያገኘውን የሰጠ ማነው?»

«እናንተ እንጨት አስነካችኋት» አለች ሰሚራ። «እማ ‹ወጣች› ያለችው መቼ ነው? እሷኑ ጠይቋት።»

ሦስቱም ወደ እትዬ የሺመቤት ዞሩ። እሷም አንዴ ለይመር፣ አንዴ ለኑርዬ፣ አንዴ ለሰሚራ ራሷን ነቀነቀች፤ በመጨረሻም «ለምን ተራ በተራ አትኖሪም፣ ዘሃራዬ?» አለች።

«ቃሌ አንድ ቤት ነው» አለች ዘሃራ። «ዓይን የሌለው ሰው ግድግዳውን አንዴ ከለመደ አይቀያየርበትም። በዚያ ላይ ወላሂ ብያለሁ።»

ልብሷን በአንድ ሻንጣ አስከተተች። ሞዴሉ ከነአምፖሉ በጋቢ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ተቀምጧል፤ የምትገባበት ቤት ይገባል። ይመር መኪናውን አስነስቶ፣ ሰሚራ ደሴ አልጋ አንጥፋ መጥታ፣ ኑርዬ የጠራትን ባጃጅ በግራ እጁ ይዞ፣ ሦስቱም ደጃፉ ላይ ቆመው ቀኝ እጃቸውን ዘርግተውላታል። ዘሃራ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጇን ወደፊት ሰድዳለች፤ ፊቷ ፈክቷል፣ ልቧ ግን ገና አልቆረጠም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ አንዱ ገጣጠመ፣ አንዱ ቆርጦ ሰጠ፣ አንዷ አበራች። ጨረቃን ለእናቱ ያመጣላት የትኛው ነው? ዘሃራስ የማንን እጅ ትያዝ?