ስንቱ ተነቀለ?

አንድ ሰው ነበረ። በሕክምና መዝገቡ ላይ ስለምትሞዪው ኮድ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሴ የዚህ ሰው ነገር ነው፣ ትርሲት፤ በጥሞና ስሚኝ።

አገሩ ማሽላ የሚዘራበት ነው። እዚያ አቀንጭራ የሚባል አረም አለ፤ አበባው ያምራል፣ ሥሩ ግን ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ይመጠምጠዋል። ገበሬዎቹ በደቦ ይነቅሉታል። የሰውየው ሥራ ከደቦው ፊት እየሄደ በየማሳው ዳር ምልክት ማድረግ ነበር። አረሙን ለመለየት አንድ ሁለት እግር ብቻ ከተነቀለ ሣር ይቋጥራል። ማሳው በሙሉ ከጸዳ ችካል ይተክላል። ደቦው ችካል ያለበትን ማሳ አልፎ ይሄዳል።

አንድ ቀን እመቤት ከምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ ደረሰ። ጎረቤቷ አንድ እግር አቀንጭራ ነቅሎ፣ ለሽማግሌ ሊያሳይ ይዞ ሲወጣ ተገናኙ።

«ተነቀለ?» አለው።

«አዎ፣ ተነቀለ።»

ሰውየው ችካል እየጠረበ ስለነበር ቀና ብሎ የጎረቤቷን እጅ አላየም። «ስንቱ?» ብሎም አልጠየቀም። ችካሉን ተከለ።

ደቦው መጣ። «እመቤት ቀድማናለች፤ ጠላዋን ብቻ እንጠጣላት!» እያሉ ቀልደው አለፉ። ብዙ ሳይቆይ ማሳው አበባ በአበባ ሆነ፤ ማሽላው እንደቆመ ደረቀ።

«ወንድሜ፣ ተነቅሏል ብለህ አልነበረም ችካሉን የተከልከው?» አለችው።

«ተነቅሎ ነበር እኮ» አላት። ውሸት አልተናገረም። እሷ ግን በዚያ ዓመት አንድ ቁና እህል አላስገባችም።

አንቺም፣ ትርሲት፣ «ሁለቱም ኮድ ከብብት ለወጣ ንፍፊት ነው፤ የትኛውንም ብጽፍ ምን ለውጥ አለው?» ብለሽኛል። የቀዶ ሐኪሙ በታካሚዋ መዝገብ ላይ የጻፈው «ንፍፊቱ ወጥቷል» ብሎ ብቻ ነው። አንዱ ለምርመራ ወጥቶ እንደሆነ ኮዱ ሌላ ነው፤ የብብቱ ንፍፊት በሙሉ ተጠርጎ እንደሆነም ሌላ ነው። ያኛው ሣር ነው፣ ይሄኛው ችካል። ነገ ሌላ ሐኪም መዝገቧን ገልጦ ችካል ካየ፣ ሁሉም ተጠርጓል ብሎ ያቺን ታካሚ እንደ ደቦው አልፏት ይሄዳል።

ስለዚህ አሁኑኑ ፎቅ ውጪና ሐኪሙን «ስንቱ?» ብለሽ ጠይቂው። ይቆጣ ይሆናል። እኔንም ብዙ ጊዜ ተቆጥተውኛል፤ የሐኪም ቁጣ ከምሳ ሰዓት አያልፍም። አቀንጭራ ግን ችካል አይቶ አይቆምም።