ከግድቡ በታች ያለ ቤት

አንድ ሰው በቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እህቱን ይጠብቃል። ሸሚዙ ታጥቧል፤ ጢሙን ተላጭቷል። ፀሐይ ወጣች፤ እህቱ አልመጣችም። ፀሐይ ዘቀዘቀች፤ አሁንም አልመጣችም። ጎረቤቶቹ ሲያልፉ፣ ዘንድሮም ልትጠብቃት ነው ወይ ይሉታል። እሱም እህት እያለኝ ለምን አልጠብቅም ይላል።

ይህን ሰው እኔ በዓይኔ አላየሁትም። ታሪኩን የነገረን የእህቱ ልጅ ነው። የእህቱ ልጅ ደግሞ አስተማሪዬ ነበሩ።

እዚህ ከተሰበሰባችሁት ሽበት ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። በየከተማው የህንድ አስተማሪዎች የነበሩበት ዘመን ነበር። ወደ ማታ ገደማ ባልና ሚስት ሆነው አስፋልቱን ይዘው ይንሸራሸራሉ፤ እሷ ሳሪዋን ለብሳ፣ እሱ ዘነበም አልዘነበም ጃንጥላውን ይዞ። ጥያቄ ስትጠይቋቸው ራሳቸውን ወዲህና ወዲያ ይወዘውዛሉ። አዎ ይሁን አይደለም ሳይገባን ዓመቱ ያልቅ ነበር። ልጆች፣ አትሳቁ፤ እነዚያን ሰዎች ሳስብ ዛሬም ሆዴ ይባባል። የእኛው ሚስተር ሳልቪ ይባሉ ነበር። ሒሳብ ነበር የሚያስተምሩን። ጠመኔ የጠገበው ኮታቸው እስከ አሁን ዓይኔ ላይ አለ።

አንድ ዓመት ፈተና ሲቃረብ፣ አንድ የከተማችን ነጋዴ ሙክት እየጎተተ ሚስተር ሳልቪ በር ላይ ተገኘ። ልጁ በሒሳብ ደካማ ነበር። ሚስተር ሳልቪ ሰውየውን ከነሙክቱ መለሱት። ከተማው ምን አለ? ህንዱ ሥጋ ስለማይበላ ነው እንጂ ቅቤ ቢሆን ይቀበል ነበር ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ሚስተር ሳልቪ ክፍል ገቡና ጠመኔውን አስቀመጡ። ዛሬ ሒሳብ የለም፣ ስለ አጎቴ እነግራችኋለሁ አሉን።

አጎታቸው ናምዴቭ ይባላል። በወጣትነቱ ቦምቤይ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ወደ ተወለደበት ገጠር ተመለሰ። ተመልሶ ምን አገኘ? ለድርቅ የመጣ እህል ገበያ ላይ ሲሸጥ አገኘ። ጣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት አገኘ፤ ቆርቆሮውን የመንደሩ ሹም ለከብቶቹ በረት አልብሶታል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የምንለው እኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሆድ አገር አይመርጥም።

ናምዴቭ ምን አደረገ? ሕዝቡን ትልቁ ዛፍ ሥር ሰበሰበ። ሹሙንም ጠርቶ ፊት ለፊት ጠየቀው። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ብሎ ከመንደር መንደር ይዞር ጀመር። አንድ ደንብ ነበረው፤ በሌለበት የሚከሰስ ሰው አይኖርም። ስሙ የሚነሳው ሰው እዚያው ዛፍ ሥር መቆም አለበት። ሐሜት የሌባ መሸሸጊያ ነው ይል ነበር። ከባለሥልጣን ቤት ደግሞ ሻይ አይቀምስም፤ ሻዩን ጠጥቼ ከወጣሁ ድምፄ ይለሰልሳል ባይ ነው። ደበደቡት፤ አሰሩት። ሲፈታ ያው ዛፉ ሥር ይገኛል።

ያን ያህል ሰው የሚፈራው ሰው፣ አንድ ቀን ጉድ ገጠመው።

መንደሩ ውሃ የሚያቁር ግድብ መሥራት ጀመረ። መንግሥት ሲሚንቶ ሰጠ፤ ሕዝቡ እንደኛ ደቦ ወጥቶ ድንጋይ ተሸከመ። ሥራውን በኮንትራት የያዘው ጋንፓት ነበር። ጋንፓት ማን ነው? የናምዴቭ አንድያ እህት የሱሺላ ባል ነው፤ የአስተማሪዬ አባት ማለት ነው። ግድቡ አለቀ ተባለ። ናምዴቭ ሄዶ በምርኩዙ ጫፍ ግንቡን ቢነካው እየተፈረፈረ ወረደ። ሲሚንቶው ተሸጧል፤ በቦታው አሸዋና ጭቃ ገብቷል።

ስብሰባ ተጠራ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ግድቡን ትቶ ናምዴቭን ማየት ጀመረ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ፤ የሰው ባል ሲያዋርድ የኖረ፣ የእህቱ ባል ሲሆን እንግዲህ እናያለን አሉ።

ከስብሰባው በፊት ያለው ቀን ደግሞ የክር ቀን ነበር። በእነሱ አገር በክረምቱ መካከል እህት ወንድሟ ቤት በሳህን መብራትና ጣፋጭ ይዛ ትሄዳለች፤ በቀኝ እጁም ክር ታስርለታለች። ክሩ ጠብቀኝ ማለት ነው። ወንድም በዚያ ቀን እህቱ የለመነችውን አይነፍግም። ክሩንም በእጁ አይበጥስም፤ በራሱ ጊዜ አልቆ እስኪወድቅ ይተወዋል።

ሱሺላ መጣች። ክሩን አሰረችለት። ጣፋጩንም አጎረሰችው። ከዚያም እግሩ ላይ ወደቀች።

"ወንድሜ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ነገ ዝም በልልኝ።"

ናምዴቭ አለቀሰ። ሹም ሲደበድበው ያላለቀሰ ሰው እጁ ላይ ያለውን ክር እያየ አለቀሰ።

"ሱሺላ፣ ክሩን ያሰርሽልኝ እንድጠብቅሽ ነው" አላት። "ቤትሽ ከግድቡ በታች ነው። ያ ግንብ የተደረመሰ ዕለት ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው አንቺን ነው። ዝም ብል፣ ምኑን ጠበቅኩሽ?"

ሳህኗን አነሳችና ወጣች። ዞራም አላየችው።

በማግስቱ ዛፉ ሥር ጋንፓትን አቁሞ ጠየቀው። እህቱ ያሰረችለት ክር እጁ ላይ እያለ ጠየቀው። ጋንፓት ወህኒ ወረደ። መንደሩም ግንቡን አፍርሶ እንደገና ገነባ። ናምዴቭ ከሁሉ ቀድሞ እየወጣ ድንጋይ ይሸከም ነበር። ክሩም እጁ ላይ እንዳለ በድንጋይ ተበልቶ አንድ ቀን ወደቀ።

ከዚያ ወዲያ ሱሺላ ወንድሟ ቤት አልደረሰችም። ጋንፓት ተፈቶ ወደዚያው ቤት ተመለሰ። የአጎቴ ስም በቤታችን አይነሳም ነበር አሉን ሚስተር ሳልቪ። የክር ቀን በመጣ ቁጥር ግን ያ ሰው ጢሙን ተላጭቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። የጎረቤት ሴቶች አዝነው እኛ እንሰርልህ ቢሉት አመስግኖ እምቢ ይላል።

ከዓመታት በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሽማግሌ የማያስታውሰው ዝናብ ጣለ። ላይኛው መንደር ያለው ሌላ ግድብ ተደርምሶ ቤት ከነሰዉ ወሰደ። ውሃው ወደ ታች መጣ። የናምዴቭ መንደር ግድብ ግን ቻለው።

ሲነጋ ጋንፓት ብቻውን ወደ ግድቡ ወጣ። መዳፉን ግንቡ ላይ አድርጎ ብዙ ቆመ። ተመልሶም ሚስቱን፣ ተነሺ፣ ሳህንሽን አዘጋጂ አላት። የክሩ ቀን እኮ አልፏል አለችው። ቢያልፍም እንሄዳለን አለና ሳህኑን ራሱ ተሸከመው።

ናምዴቭ በር ላይ ሲደርሱ ሱሺላ አንገቷን ደፋች። ቀኑ አለፈብኝ አለችው።

"እኔ እጄን መች አጠፍኩ?" አላት፤ ዘረጋላትም።

ሚስተር ሳልቪ ይህን ብለው ጀርባቸውን ሰጡንና ሰሌዳውን ይጠርጉ ጀመር። ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።  አቤት ያ ክፍል። ምነው አንድ ቀን በተመለሰልኝ እላለሁ።

ወገኖቼ፣ የሩቅ ሌባ መስደብ ማን ያቅተዋል? ታክሲ ውስጥ ስንሰድብ እንውላለን። ሌባው የእኛ ሰው ሲሆን ግን ስሙን እንለውጥለታለን። ሥራ ያውቃል እንላለን። ዘመዱን አይረሳም እንላለን። ሰርጉ ላይ ከፊት እናስቀምጠዋለን። ብንጠየቅም ገመና አይወጣም እንላለን። የወንድምን ገመና መሸፈን መልካም ነው፤ እኔም እዚሁ ቆሜ አስተምሬያለሁ። የተሰነጠቀ ግድብ ግን ገመና አይደለም። ከበታቹ ሰው ተኝቷል። ምናልባትም የተኛችው የራሳችሁ እህት ናት።

እውነት ተናጋሪ ነን የምትሉም አትኩሩ። ተናገራችሁ፣ አጋለጣችሁ፣ ከዚያስ? በራችሁን ዘጋችሁ። ናምዴቭ ተናገረና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የቱ ይከብዳል? እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለተኛው ይከብዳል።

የነጋዴው ልጅ ያን ዓመት ክፍሉን ደገመ። አልሞተም፤ እነሆ መካከላችሁ ተቀምጦ ራሱን እየወዘወዘ ነው፤ አዎ ይሁን አይደለም እንጃለት።

ሚስተር ሳልቪም አገራቸው ገቡ። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። የተዉልንን ግን እነሆ አደራ አልኳችሁ። እውነት ነግሯችሁ የራቃችሁት ወንድም ያላችሁ፣ ቀኑ አልፏል አትበሉ። ቀኑማ አልፏል። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በእሱ በር በኩል እለፉ፤ ማን ያውቃል፣ እጁን ዘርግቶ ተቀምጦ ታገኙት ይሆናል።