የሰንበት ሸክም

አንድ ጭሰኛ እሑድ ቅዳሴ ሰምቶ ሲመለስ፣ ባለመሬቱ ፊታውራሪ ወንድይፍራው በቅሏቸው ላይ ሆነው መንገድ ላይ ጠበቁት።

«ዝናቡ ሳያመልጠን ዛሬውኑ እርሻዬን እረስ፤ አለዚያ መሬቴን ልቀቅ» አሉት።

«ጌታዬ፣ ዛሬ እኮ ሰንበት ነው፤ ኃጢአት ይሆንብኛል» አለ ጨንቆት።

ፊታውራሪ ሣቁ። «ኃጢአቱን እኔ እሸከምልሃለሁ። ለእኔ ትከሻ ምንም አይደለም።»

ጭሰኛው «እሺ» ብሎ ሄዶ በሬዎቹን ጠመደ። ፊታውራሪ ሥራውን ሊያዩ ሲመጡ ግን ከእርሻው ዳር ቆሞ አገኙት።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«እርስዎን ነው ጌታዬ። ኃጢአት ያልከበደው ትከሻ ማረስ አያቅተውም። እርፉን እርስዎ ይጨብጡ፤ ኃጢአቱን እኔ እሸከምልዎታለሁ።»

ፊታውራሪ ጭቃውን አዩ፤ ነጭ ሱሪያቸውንም አዩ።

«ለነገሩ ሰንበት መሻር ደግ አይደለም» ብለው በቅሏቸውን አዞሩ።